ሜሰርሽሚት 262 በ1943 ሊደርስ ይችል ነበር?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ በሚል ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ልቦለድ እየጻፍሁ ነው። በመጽሐፌ ውስጥ ሂትለር ሜሰርሽሚት 262 የተባለው ጄት ወደ ቦምብ ጣይነት እንዲለወጥ አያዝዝም። በዚህ ምክንያት አውሮፕላኑ በ1943 አጋማሽ በብዛት ወደ ውጊያ ይገባል፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ይደመሰሳሉ፣ ጀርመንም ታሸንፋለች ወይም በእኩል ሚዛን ትደራደራለች። ይህ ለአንባቢ የሚታመን ነው? ካልሆነ ምኑን ልቀይር?»

አሁን ባለበት መልኩ አይታመንም። ችግሩም በመጨረሻው ድል ላይ ሳይሆን ገና በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። ታሪኩ ከእውነተኛው መንገድ እንዲገነጠል የመረጡት ነጥብ አውሮፕላኑን ካዘገየው ነገር ጋር አይገናኝም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሂትለርን ትእዛዝ በቀኑ እንመልከተው። ኖቬምበር 26 ቀን 1943 በምሥራቅ ፕሩሲያ፣ ኢንስተርቡርግ በተባለ የአየር ማረፊያ አውሮፕላኑ ለሂትለር ታየ። ቦምብ መሸከም ይችል እንደሆነ ጠየቀ፤ ቪሊ ሜሰርሽሚትም ይችላል ብሎ መለሰ። ሂትለር ያሰበው ተባባሪዎቹ (አሜሪካ፣ እንግሊዝና አጋሮቻቸው) በፈረንሳይ ጠረፍ ወታደር ሲያወርዱ በፍጥነት ደርሶ ባሕር ዳርቻውን የሚደበድብ መሣሪያ ነበር። በሜይ 1944 አውሮፕላኑ በተዋጊነት ብቻ እየተሠራ መሆኑን ሲሰማ ተቆጣና ሁሉም በቦምብ ጣይነት እንዲሰለፉ አዘዘ። በሜይ 1944 የተሰጠ ትእዛዝ በ1943 ሊሆን ይችል የነበረን ነገር ሊያግድ አይችልም። በዚያ የጸደይ ወቅት የአውሮፕላኑ አካል ተሠርቶ ሞተር ይጠብቅ ነበር። ትእዛዙ ባይኖር ኖሮ እነዚያ አካላት ያው ሞተር ሲጠብቁ ይቆሙ ነበር።

ትእዛዙ ጉዳት አላደረሰም ማለቴ አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ ለቦምብ ጣይ ክፍል ተሰጥተዋል። ዒላማ ማነጣጠሪያው ለዚህ ሥራ ስላልተዘጋጀ በከፍተኛ ፍጥነት የሚጣሉት ቦምቦች ያስከተሉት ጥፋት አነስተኛ ነበር። የተዋጊ ክፍሎች ሥልጠናም ተጓትቷል። ነገር ግን ክልከላው በ1944 መኸር ላልቶ ነበርና ኪሳራው በሳምንታት፣ ቢበዛ በጥቂት ወራት የሚለካ ነው። «ሂትለር ባያበላሸው ኖሮ» የሚለው ትረካ የገነነው ከጦርነቱ በኋላ በጄኔራሎችና በአምራቾች ማስታወሻዎች ነው። በሕይወት የተረፉት ሰዎች ጥፋቱን ሁሉ በሞተ ሰው ላይ መጫን ተመችቷቸዋል። ልቦለድዎ ይህን ትረካ እንዳለ ከተቀበለ የእነርሱን መከላከያ እየደገመላቸው ነው።

እውነተኛው ማነቆ ሞተሩ ነበር። የአውሮፕላኑ አካል ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኤፕሪል 18 ቀን 1941 ነው፤ ያን ዕለት ግን አንድም የጄት ሞተር አልነበረውም፤ አፍንጫው ላይ ተራ ፕሮፔለር ያለው ሞተር ተገጥሞለት ነበር። ማርች 25 ቀን 1942 ሁለት የቢኤምደብሊው ጄት ሞተሮች ተጨመሩለት። የሙከራ አብራሪው ፍሪትዝ ቬንደል ገና ከመሬት እንደተነሣ ሁለቱም ከዱት፤ ሕይወቱን ያተረፈለት ያ ያረጀ ፕሮፔለር ነው። በጄት ብቻ የተደረገው የመጀመሪያ በረራ ጁላይ 18 ቀን 1942 በላይፕሃይም፣ በዩንከርስ ኩባንያ ዩሞ 004 ሞተሮች የተደረገው ነው። በዚያን ጊዜ አውሮፕላኑ የኋላ ጎማ የነበረው በመሆኑ ጭራው መሬት ላይ ተጎትቶ አልነሣ ብሎ ነበር። ቬንደል በፍጥነት እየተንደረደረ ፍሬኑን ለቅጽበት መታ በማድረግ ጭራውን ማንሣት ነበረበት። ይህን ትዕይንት ለመጽሐፍዎ ቢወስዱት ደስ ይለኛል፤ የዘመኑ ድፍረትና የመሣሪያው ጥሬነት አንድ ላይ ይታዩበታል።

ብዙ ጸሐፊዎች ከዚህ ቀን ተነሥተው «በ1942 ከበረረ በ1943 ለምን አይዋጋም?» ብለው ይጠይቃሉ። ያን ዕለት የሠራው ሞተር ግን የሙከራው ዓይነት ነበር። ብዙ ኒኬል፣ ኮባልትና ሞሊብዲነም የሚበላ፣ በጥቂት ቁጥር የተሠራ ሞተር ነው። የጀርመን የብረት ክምችት እንዲህ ያለውን ሞተር በሺዎች ለመሥራት አይበቃም ነበር። ስለዚህ መሐንዲሱ አንሰልም ፍራንዝና ባልደረቦቹ ሞተሩን ጀርመን ባላት ብረት እንዲሠራ አድርገው እንደገና ነደፉት። ማቃጠያ ክፍሎቹ በአሉሚኒየም ከተለበጠ ተራ ብረት ተሠሩ። በተርባይኑ (በትኩሱ ጋዝ በሚሽከረከረው ጎማ) ዙሪያ የተደረደሩት ብሌዶች፣ ማለትም ምላጮች፣ ደግሞ በውስጣቸው አየር እያለፈ እንዲያቀዘቅዛቸው ክፍት ሆነው ተሠሩ። በእኔ ግምት ይህ ከጦርነቱ ታላላቅ የምህንድስና ሥራዎች አንዱ ነው፤ በእጥረት ውስጥ የተወለደ ብልሃት ነውና። ዋጋው ግን ዕድሜው ነበር። ዩሞ 004 ከ10 እስከ 25 ሰዓት ከሠራ በኋላ መቀየር ወይም ተፈትቶ መጠገን ነበረበት። በዚያው ዘመን ኒኬል በበቂ ያገኙ የነበሩት እንግሊዞች የሠሯቸው ሞተሮች በግፊት (አውሮፕላኑን በሚገፉበት ኃይል) አይበልጡትም፤ በጽናት ግን ጥለውት ሄደዋል።

በ1943 ሌላ መከራ ተጨመረ። የተርባይን ብሌዶቹ በሙሉ ፍጥነት ላይ እየተሰነጠቁ መውደቅ ጀመሩ። ምክንያቱ ንዝረት ነበር። ስድስቱ ማቃጠያ ክፍሎችና ከተርባይኑ ኋላ ያሉት ደጋፊ ምሰሶዎች የሚፈጥሩት ምት ከብሌዱ የተፈጥሮ ንዝረት ጋር ይገጥም ነበር። የብሌዶቹን ድምፅ ለመለየት ጆሮው የሠለጠነ ሙዚቀኛ ተጠርቶ በቫዮሊን መምቻ እየቃኘ እንዲያዳምጣቸው መደረጉ በሞተሩ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። መፍትሔው ብሌዶቹን ማሳጠር፣ ቅርጻቸውን ማስተካከልና የሞተሩን ከፍተኛ ፍጥነት በደቂቃ ከ9,000 ወደ 8,700 ዙር ዝቅ ማድረግ ሆነ። ይህ የተጠናቀቀው በ1943 መጨረሻ ላይ ነው። በብዛት ማምረት የተቻለው በ1944 አጋማሽ ነው። በመካከሉ ኦገስት 17 ቀን 1943 አሜሪካውያን በሬገንስቡርግ የሚገኘውን የሜሰርሽሚት ፋብሪካ ሲደበድቡ የጄቱ አካል መገጣጠሚያ መሣሪያዎችም አብረው ጠፍተዋል። በ1943 አጋማሽ በብዛት የሚለው ሐሳብዎ የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጀርመን የነበራት በጣት የሚቆጠሩ የሙከራ አውሮፕላኖች ናቸው። የተዋጊ አብራሪዎቹ አዛዥ አዶልፍ ጋላንድ በሜይ 1943 በአንደኛው በርሮ መላእክት ከኋላ የገፉት ያህል እንደተሰማው መናገሩ እውነት ነው። አንድ አዛዥ በአንድ ናሙና መደሰቱና አንድ አየር ኃይል በዚያ መሣሪያ መታጠቁ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ መገንጠያ ነጥቡን ወዴት ማንቀሳቀስ ይችላሉ? ሦስት አማራጮች አሉ።

የመጀመሪያው ብዙዎች የሚወዱት የሃይንክል ኩባንያ ሄ 280 ነው። ከሜሰርሽሚት ቀድሞ በ1941 ጸደይ በሁለት ጄት ሞተሮች በርሯል። ይህን ተወዳዳሪ መምረጥ ታሪኩን በሁለት ዓመት የሚያስቀድመው ይመስላል። አያስቀድመውም። የሃይንክል ሞተር የታቀደለትን ግፊት ማምጣት ተስኖት ነበር፤ አውሮፕላኑ የሚይዘው ነዳጅ ትንሽ፣ የሚደርስበት ርቀትም አጭር ነው። በማርች 1943 ሲሰረዝ ውሳኔው ምክንያት ነበረው። ይህን መንገድ አልመክርም።

ሁለተኛው ብረቱ ነው፤ እኔን ከሁሉም የሚስበኝ ይህ ነው። ጀርመን ኒኬል ታገኝ ከነበረባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ ያኔ የሰሜን ፊንላንድ አካል የነበረው የፔትሳሞ ማዕድን ነው። ክሮሚየም የምትሸጥላት ቱርክ ደግሞ በኤፕሪል 1944 ሽያጩን አቁማለች። አንድ ሚኒስትር በ1942 ከኒኬሉ ላይ የተወሰነውን ከታንክና ከመድፍ ነጥቆ ለጄት ሞተር ሰጠ ብለው መጻፍ ይችላሉ። ግን የሚነጠቀው ሰው መኖሩን አይርሱ። በምሥራቅ ግንባር ታንኩ የተጓደለበት ጄኔራል በመጽሐፉ ውስጥ መጮህ አለበት። በዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ደካማው ነገር አንዱን ጥቅም ያለ ዋጋ መስጠት ነው።

ሦስተኛው ንዝረቱ ነው። ሙዚቀኛው በ1943 መጸው ፋንታ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ተጠርቶ ቢሆን፣ ችግሩ በስድስት ወር ቀድሞ ቢፈታ፣ የሬገንስቡርጉ መሣሪያም አስቀድሞ ወደ ባቫርያ ተራሮች ቢወሰድ ኖሮ፣ በ1943 መጨረሻ ላይ ጥቂት ደርዘን፣ በ1944 መጀመሪያ ምናልባት አንድ መቶ ያህል የሚዋጉ አውሮፕላኖች ይኖሩ ነበር ብሎ መገመት ይቻላል። ቁጥሩ የእኔ ግምት ነው፤ ነገር ግን ከዚህ በላይ መሄድ ልቦለዱን ወደ ተረት ይወስደዋል። በእውነተኛው ታሪክ ከ1,400 በላይ ተሠርተው እንኳ በአንድ ጊዜ ለውጊያ ዝግጁ የነበሩት የዚያ ትንሽ ክፍል ብቻ ናቸው።

መቶ አውሮፕላን በ1944 መጀመሪያ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ቆም ብለው ቢያስቡበት ይጠቅምዎታል። ኦክቶበር 14 ቀን 1943 አሜሪካውያን ሽቫይንፉርት የሚገኙትን የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ለመምታት 291 ቦምብ ጣዮች ልከው 60ዎቹን አጡ። ከዚያ በኋላ አጃቢ ተዋጊ ሳይኖራቸው ወደ ጀርመን መሀል መግባቱን ለጊዜው ተዉት። ቦምብ ጣዮቹን እስከ መጨረሻው ድረስ የሚያጅበው የአሜሪካ ተዋጊ ሙስታንግ በበቂ ቁጥር ደርሶ ከፌብሩዋሪ 20 እስከ 25 ቀን 1944 ታላቁ የአሜሪካ የአየር ዘመቻ ሲከፈት የጀርመን ተዋጊ ኃይል ደም መፍሰስ ጀመረ። በማርችና በኤፕሪል የሞቱት ነባር አብራሪዎች ምትክ አልነበራቸውም። በሽቫይንፉርትና በዚያ የፌብሩዋሪ ሳምንት መካከል ያሉት አራት ወራት የጦርነቱ የአየር ሚዛን የተንጠለጠለባቸው ናቸው። ጄቱ በዚያ ክፍተት ውስጥ ቢገባ ፍሬ የሚያፈራው ያኔ ነው። በሰዓት 870 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር፤ ሙስታንግ ከ700 ብዙም አይርቅም። አፍንጫው ላይ ያሉት አራት ባለ 30 ሚሊ ሜትር መድፎች ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይን በጥቂት ጥይት ይበታትናሉ። ጄቶቹ አሜሪካውያን ወደ ጀርመን መሀል የሚያደርጉትን የቀን ዘመቻ ለተጨማሪ ወራት ሊያዘገዩ፣ በኖርማንዲ ወታደር ለማውረድ የነበረው ዕቅድም ያለ አየር የበላይነት አደገኛ ሊሆን ይችል ነበር። እስከዚህ ድረስ አብሬዎት እሄዳለሁ።

ከዚህ በኋላ ግን ተባባሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡም፤ በረቂቅዎ ውስጥ የተረሱት እነርሱ ናቸው። የእንግሊዙ ግሎስተር ሚቲየር ማርች 5 ቀን 1943 በርሯል፤ በጁላይ 1944 ጀርመን ወደ እንግሊዝ በምትልካቸው አብራሪ በሌላቸው በራሪ ቦምቦች ላይ ተሰማርቷል። የአሜሪካው ሎክሂድ ፒ-80 ጃንዋሪ 8 ቀን 1944 የበረረው በእንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ነው፤ በ1945 መጀመሪያም አራት የሙከራ አውሮፕላኖች ወደ ጣሊያንና እንግሊዝ ተልከዋል። በእውነተኛው ታሪክ ሁለቱም የተጓዙት በዝግታ ነው፤ ምክንያቱም ሙስታንግና የእንግሊዙ ተዋጊ ስፒትፋየር ሥራውን ይሠሩ ነበር። የጀርመን ጄት በጃንዋሪ 1944 ቦምብ ጣዮችን ሲያወርድ ቢታይ ኖሮ ያ ዝግታ ይቆም ነበር። ኒኬልና ነዳጅ፣ ያልተደበደበ ፋብሪካና የሠለጠነ አብራሪ የነበራቸው እነርሱ ናቸው።

ነዳጁም አለ። ጀርመን የአውሮፕላን ቤንዚን በኤፕሪል 1944 ወደ 175 ሺህ ቶን ታመርት ነበር። ከሜይ 12 ጀምሮ ከድንጋይ ከሰል ነዳጅ የሚያወጡት ፋብሪካዎች ሲደበደቡ በሴፕቴምበር ከ20 ሺህ ቶን በታች ወረደ። «ጄቱ ቤንዚን አይፈልግም፣ ከናፍጣ የሚቀርብ ርካሽ ነዳጅ ይበቃዋል» የሚል መከራከሪያ ይመጣብዎታል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። አብራሪው የሚሠለጥንባቸው አውሮፕላኖች ቤንዚን ይጠጣሉ። በ1944 አዲስ የጀርመን ተዋጊ አብራሪ ወደ ውጊያ የሚገባው አሜሪካዊ አቻው ከሚሠለጥንበት ሰዓት ከግማሽ ባነሰ ነው። ሞተሩ ላይ ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ሁለት ሞተር ያለው፣ በፍጥነት የሚያርፍ አውሮፕላን ለእንዲህ ያለ ልጅ መስጠት መግደል ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል አውሮፕላኖቹ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ በትንሽ ሰንሰለታማ ተሽከርካሪ፣ አንዳንዴም በከብት ይጎተቱ ነበር።

ድሉን በተመለከተ የማያሻማ መልስ እሰጣለሁ፦ ጀርመን በዚህ አውሮፕላን አታሸንፍም። ጄቱ በምሥራቅ ግንባር የሶቪየትን ጦር አይመልስም፤ በጁን 22 ቀን 1944 የጀመረው ታላቁ የሶቪየት ማጥቃት የጀርመንን የመሀል ጦር በሙሉ ያፈረሰው በምድር ነው። እንግሊዞች በሌሊት የሚያደርጉትንም ድብደባ በቀን የሚዋጋ ተዋጊ አያስቆምም። ቢበዛ የሚያተርፈው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ ለጀርመን የባሰ ነው። የአሜሪካ የአቶም ቦምብ ፕሮጀክት የተጀመረው ጀርመን ትቀድመናለች በሚል ፍርሃት ነበር፤ ቦምቡም ለአገልግሎት የደረሰው በኦገስት 1945 ነው። ጦርነቱን በአውሮፓ እስከዚያ ወር የሚያስረዝም ጸሐፊ ቦምቡ በማን ላይ እንደሚወድቅ መመለስ ግዴታው ነው። በእኩል የመደራደር ነገር ደግሞ ተባባሪዎቹ በጃንዋሪ 1943 በካዛብላንካ ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ መስጠትን ብቻ እንደሚቀበሉ ማወጃቸውን ያስታውሱ። ይህን አቋም አንድ አዲስ አውሮፕላን አያስለውጥም።

ሌላ የሚታረም ነገር፦ በላኩልኝ ምዕራፍ ውስጥ ክንፉ ወደ ኋላ ያጋደለው «የድምፅን ፍጥነት ለመስበር» ነው ይላል። አይደለም። ሞተሮቹ ከታሰበው በላይ ከባድ ሆነው ሲመጡ የአውሮፕላኑን የክብደት ማዕከል ለማስተካከል ክንፉ በመጠኑ፣ በ18 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ተደረገ። የጀርመን ሊቃውንት ስለ ያጋደለ ክንፍ ያጠኑት ጥናት ሙሉ ጥቅም ላይ የዋለው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ለአሜሪካው ኤፍ-86 ሴበር ክንፍ ረድቷል። በ1960 ወደ ኢትዮጵያ አየር ኃይል የገባው ያው ሴበር ነውና ደብረ ዘይት ላይ ያዩት አባቶች ካሉ ስለ ቅርጹ ቢጠይቋቸው መልካም ነው።

ስለ ውጊያው አጻጻፍም ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም ረቂቅዎ ጄቱን እንደ ዛሬ ዘመን አውሮፕላን ያበረዋል። ሞተሩ የሚነሣው በአየር ማስገቢያው አፍ ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ የቤንዚን ሞተር ነው፤ እርሷም ገመድ ተጎትቶ ልትነሣ ትችላለች። አብራሪው የነዳጅ መስጫውን ቀስ ብሎ ካልገፋ፣ በተለይ ሞተሩ በደቂቃ ከ6,000 ዙር በታች ሲሆን፣ ሞተሩ በእሳት ሊያያዝ ወይም እሳቱ ሊጠፋ ይችላል። በአየር ላይ ድንገት ኃይል መጨመርም ሆነ መቀነስ የማይታሰብ ነው። ከቦምብ ጣይ ኋላ ሲመጣ ፍጥነቱ ራሱ ጠላቱ ነው፤ መድፎቹ ጥይታቸውን በዝግታ የሚወረውሩ በመሆናቸው ቀርቦ መተኮስ አለበት፤ ለመተኮስ ያለው ጊዜ ግን ሰከንዶች ናቸው። ስለዚህ ከከፍታ ወርደው ከቦምብ ጣዮቹ ሥር ካለፉ በኋላ ወደ ላይ እየወጡ ፍጥነታቸውን የሚቀንሱበት ስልት ነበራቸው። በመጨረሻዎቹ ወራት በየክንፉ ሥር 12፣ በድምሩ 24 ትናንሽ ሮኬቶች ተጨመሩላቸው፤ እነዚህ ከመድፉ ርቀት ውጪ ሆነው የሚተኮሱ በመሆናቸው ለቦምብ ጣዮች እጅግ አስፈሪ ነበሩ።

ከሁሉ በላይ ድክመቱ ማረፊያው ላይ ነው። ጄቱ ሊያርፍ ሲል ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ኃይል መጨመር ሳይችል ረዥም መንገድ ይመጣል። አሜሪካውያን ይህን ተረድተው ረዥም የኮንክሪት ማኮብኮቢያ ባላቸው ጥቂት ሜዳዎች ላይ ያንዣብቡ ነበር። ጀርመኖች የሚያርፉትን ጄቶች የሚጠብቁ የፕሮፔለር ተዋጊዎች ለማቆም ተገደዋል። 258 አውሮፕላን በመጣል የተመዘገበለት ቫልተር ኖቮትኒ ኖቬምበር 8 ቀን 1944 የሞተው ከሜዳው አጠገብ፣ አንድ ሞተሩ መቆሙን በሬዲዮ ከተናገረ በኋላ ነው። ማርች 18 ቀን 1945 በበርሊን ሰማይ ላይ 37 ጄቶች ከ1,200 በላይ ቦምብ ጣዮችን ገጥመው ከራሳቸው ኪሳራ በላይ ጣሉ፤ የዘመቻው አካሄድ ግን አልተለወጠም። ኤፕሪል 10 ደግሞ በአንድ ቀን ወደ 30 የሚጠጉ ጄቶች ጠፉ። ጀግናዎ በአየር ላይ የማይበገር፣ በማረፊያው ላይ ግን ራቁቱን የቆመ ሰው እንዲሆን ያድርጉት።

አሁን ስለ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። በላኩልኝ ዕቅድ ውስጥ ፋብሪካው የሚታየው እንደ ንጹሕ የሊቃውንት ቤት ነው። ይህ አውሮፕላን በብዛት የተሠራው በባሪያ ጉልበት ነው። በኦስትሪያ ሳንክት ጌኦርገን መንደር ሥር በተቆፈረው ዋሻ ውስጥ የጄቱን አካል የሠሩት የጉዘን ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው። በካህላ፣ ቱሪንገን፣ ከብዙ አገር በግዳጅ የተጋዙ ሠራተኞች በተራራ ውስጥ ፋብሪካ ቆፍረው አውሮፕላኖቹ በተዳፋት ሐዲድ ተጎትተው ከተራራው አናት እንዲነሡ አድርገዋል። በሙልዶርፍ አጠገብም እስረኞች ለዚሁ ምርት ግዙፍ የኮንክሪት ዋሻ ሲሠሩ እንደ ቅጠል ረግፈዋል። ምርቱን በልቦለድ ውስጥ በስድስት ወር ሲያስቀድሙና በእጥፍ ሲያሳድጉ እነዚህንም ሞቶች ያስቀድማሉ፣ ያበዛሉ። ስለ አውሮፕላኑ ውበት የሚያወራ መጽሐፍ ስለ እነዚህ ሰዎች ዝም ካለ ውሸት ነው። በተሽሎከለከ አንድ መስመር ሳይሆን ስምና ድምፅ ባለው ገፀ ባህሪ ይግቡ፤ ለምሳሌ ብሌዱን የሚሠራና ስንጥቁን የሚያውቅ እስረኛ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሂትለርን ትእዛዝ ከመገንጠያ ነጥብነት ያውጡት፤ በሜይ 1944 በቦታው እንዳለ ይቅር። ታሪኩ የሚገነጠለው በ1943 መጀመሪያ በሞተሩ ንዝረት ላይ ይሁን፤ ኒኬሉን በመንጠቅ የሚመጣውን ጠብም ይጨምሩበት። አውሮፕላኖቹ ከመቶ አይብለጡ፤ ውጊያው ከዲሴምበር 1943 እስከ ሜይ 1944 ባሉት ወራት ይታጠር፤ መድረኩም አንድ ሜዳና አንድ ክፍል ይሁን። ተባባሪዎቹ በፌብሩዋሪ ያጡትን በሜይ እንዲመልሱ ያድርጉ። መጨረሻው የጀርመን ድል አይሁን፤ የዘገየ ኖርማንዲ፣ ወደ ምዕራብ ይበልጥ የገፋ የሶቪየት ጦር፣ ከእውነተኛው ታሪክ የረዘመ የእስረኞች መከራ ይሁን። በዚህ መንገድ መጽሐፉ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በየገጹ የሚከራከርዎት የታሪክ ሰው አይኖርም።

የቀረው የተግባር ሥራ ነው። ረቂቁን እንደገና ሲጽፉ ዋናው አብራሪዎ በመጽሐፉ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ይቁጠሩ። አንድ በረራ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ በአማካይ በ15ኛው በረራ አካባቢ ሁለቱም ሞተሮች መቀየር አለባቸው። የመለዋወጫው ባቡር ካልደረሰ በዚያ ምዕራፍ አይበርም፤ ሌላ ሰው ይብረር ወይም ምዕራፉ በምድር ላይ ይካሄድ።